መመለሻችሁ ቢዘገይስ? ትኬት ስንቆርጥ ስለምንጠይቃችሁ አዳዲስ ጥያቄዎች

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ

ጉዳዩ፦ ወረርሽኝ ጉዞን፣ ሕክምናንና የቤተሰብን ኑሮ በሚያውክበት ጊዜ ስለምንከተለው አሠራር ማብራሪያ ስለመስጠት

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ ቢሮአችን የመጣችሁ ወይም በስልክ ያነጋገራችሁን ደንበኞቻችን፣ ቀድሞ መዳረሻና ቀን ብቻ ጠይቀን ትኬት እንቆርጥ የነበርን ሰዎች አሁን ስለምትወስዱት መድኃኒት፣ ቤት ስለምትተዉአቸው ልጆችና ስለምታስታምሟቸው ወላጆች ጭምር መጠየቅ መጀመራችንን አስተውላችኋል። አንዳንዶቻችሁ «ይህ ከትኬት ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብላችሁናል። ጥያቄአችሁ ተገቢ ነው፤ በግል ጉዳያችሁ የገባንባችሁ መስሎ ቢሰማችሁም አይፈረድባችሁም። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ምክንያታችንን በግልጽ ለማስረዳት ነው። በደብዳቤው ውስጥ የተጠቀሱት ቀናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ጃንዋሪ 30 ቀን 2020 ስለ አዲሱ ቫይረስ ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ሲያውጅ፣ ከዚያም ማርች 11 ቀን ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ሲጠራው፣ እኛም እንደ ብዙው ሰው ችግሩን የመሄድና ያለመሄድ ጉዳይ አድርገን ነበር ያየነው። የደንበኞቻችን ጥያቄም «ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚል ነበር። ከባዱን ጉዳት ያየነው ግን ባልሄዱት ላይ አይደለም። ያልሄደ ሰው ገንዘብ ያጣል፣ ይናደዳል፣ ያዝናል፤ ቢሆንም ያለው በቤቱ ነው። ሄዶ መመለስ ያቃተው ሰው ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይፈርስበታል፤ ሥራው፣ የሕክምና ቀጠሮው፣ መድኃኒቱ፣ ልጆቹን አደራ የሰጠበት ቀን፣ የቪዛው ጊዜ። ወረርሽኝ ከመነሻው ቀን ይልቅ የመመለሻውን ቀን እንደሚሰብር የተረዳነው ዘግይተን ነው። አዲሶቹ ጥያቄዎቻችን በሙሉ የሚነሱት ከዚህ ነው።

መመለሻው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለማሳየት ያህል፣ ኒውዚላንድ ዜጎቿና ነዋሪዎቿ ላልሆኑ መንገደኞች ድንበሯን የዘጋችው ማርች 19 ቀን 2020 ሲሆን፣ ለሁሉም ዓይነት ተጓዥ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በጁላይ 2022 መጨረሻ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር እንዳስታወቀው፣ በኤፕሪል 2020 የመንገደኞች ጉዞ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር በ94.3 በመቶ ወርዶ ነበር። ይህ ማለት ድንበር የተከፈተለት ሰው እንኳ የሚሳፈርበት አውሮፕላን አልነበረውም ማለት ነው። ነገሩ የመጀመሪያዎቹ ወራት ድንጋጤ ብቻ እንዳልነበረ ደግሞ ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ አሳይቶናል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዝርያ ኖቬምበር 26 ቀን 2021 በሰየመበት ዕለትና በተከታዮቹ ቀናት በርካታ አገሮች ከደቡባዊ አፍሪካ የሚመጡ በረራዎችን አገዱ፤ ድርጅቱ ራሱ የጅምላ የጉዞ እገዳ እንዳይጣል እየመከረ ሳለ ነው ይህ የሆነው። በዚያ ሳምንት መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሲነሳ ያልነበረ ሕግ ሲደርስ ጠበቀው።

አሁን ስለ ገንዘብ እናስረዳችሁ፤ ከሁሉ በላይ ቅሬታ የሰማንበት፣ እኛም ያጠፋንበት ጉዳይ ነውና። የትኬት ገንዘብ በእኛ እጅ አይቆይም። የከፈላችሁት ገንዘብ በጉዞ ወኪሎችና በአየር መንገዶች መካከል ባለው የሒሳብ ማወራረጃ ሥርዓት በኩል በአጭር ጊዜ ውስጥ ለአየር መንገዱ ይተላለፋል፤ ተመላሽ ሲደረግም በዚያው መንገድ ነው የሚመጣው። በ2020 ብዙ አየር መንገዶች ወኪሎች በኮምፒውተር በቀጥታ የገንዘብ ተመላሽ የሚጠይቁበትን አገልግሎት ስለዘጉና በምትኩ ቫውቸር (በሌላ ጊዜ ለሚደረግ ጉዞ እንደ ክፍያ የሚያገለግል ሰነድ) መስጠት ስለመረጡ፣ እኛ ከደንበኛውና ከአየር መንገዱ መሐል ቆመን ለሳምንታት መልስ መጠበቅ ግድ ሆኖብን ነበር። ይሁን እንጂ በብዙ አገሮች ሕጉ አልተለወጠም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 አየር መንገዱ በረራውን ከሰረዘ መንገደኛው ገንዘቡ በ7 ቀናት ውስጥ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ቫውቸር የሚሰጠውም መንገደኛው ከተስማማ ብቻ ነው። የዩናይትድ ስቴትስ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም ኤፕሪል 3 ቀን 2020 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ አየር መንገዶች ለሰረዟቸው በረራዎች ገንዘብ የመመለስ ግዴታቸው በወረርሽኙ ምክንያት እንደማይቀር ግልጽ አድርጓል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው አንድ ልዩነት አለ። በረራውን የሰረዘው አየር መንገዱ ከሆነ መብቱ የእናንተ ነው። ጉዞውን የተዋችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን የሚገዛችሁ ትኬቱ የተሸጠበት ደንብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በርካሽ ትኬት ላይ ከግብር በቀር የሚመለስ ነገር የለም። በማርች 2020 ደንበኞቻችን በድንጋጤ እየደወሉ «ሰርዙልን» ሲሉን፣ የረዳናቸው መስሎን በዚያው ዕለት ሰረዝንላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ አየር መንገዶቹ እነዚያኑ በረራዎች ራሳቸው ሰረዟቸው። ታግሠው የጠበቁት ሙሉ ገንዘባቸውን የመጠየቅ መብት ሲኖራቸው፣ እኛ ቸኩለን የሰረዝንላቸው ግን መብታቸው አብሮ ተሰረዘ። ቆም ብለን ማስረዳት የነበረብን እኛ ነበርን፤ ስላላደረግነው ከልብ እናዝናለን፤ ያን ጊዜ ለተጎዱት ደንበኞቻችንም በዚህ ደብዳቤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከእንግዲህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰርዙልን ብትሉን፣ አየር መንገዱ የደረሰበትን ውሳኔ አጣርተን፣ መጠበቅና መሰረዝ የሚያስከትሉትን በጽሑፍ ነግረናችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምትሉትን እንፈጽማለን።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የተለያዩ ትኬቶች ጉዳይ ነው። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል መነሻውን በአንድ፣ መቀጠያውን በሌላ ትኬት መግዛት የተለመደ ነው። በደህናው ጊዜ ብዙ አይጎዳም። ወረርሽኝ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው በረራ ቢሰረዝ የሁለተኛው አየር መንገድ እንደቀረ መንገደኛ ይቆጥራችኋል እንጂ ችግራችሁን አይመለከትም። በመሐል የምታልፉበት አገርም የራሱ ሕግ አለው፤ መዳረሻችሁ ቢቀበላችሁ እንኳ ትራንዚት የምታደርጉበት ላይቀበላችሁ ይችላል። ስለዚህ ጉዞው ለሕክምና ወይም ለማይቀር የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነ፣ ዋጋው ቢጨምርም በአንድ ትኬት እንዲያያዝ አጥብቀን እንመክራለን። መድንን በተመለከተ ደግሞ፣ ብዙዎቹ የጉዞ መድን ውሎች ውሉ ሲገባ አስቀድሞ የታወቀን ክስተት አይሸፍኑም፤ ወረርሽኝን ከነጭራሹ የሚያስቀሩም አሉ። ወሬው ከተሰማ በኋላ የተገዛ መድን ብዙም አይጠቅምምና ትኬቱ በተቆረጠበት ቀን እንዲገዛ፣ ውሉም እስከ መጨረሻው መስመር እንዲነበብ እንጠይቃለን።

ስለ ጤናችሁ የምንጠይቀውም ከዚሁ የመመለሻ ቀን የተነሣ ነው። ነፍሰ ጡር እህት ስታጋጥመን ስንት ሳምንት እንደሆናት ስንጠይቅ፣ የምንቆጥረው በምትሄድበት ቀን የሚኖራትን ሳምንት ሳይሆን ብትዘገይ የሚኖራትን ነው። አብዛኞቹ አየር መንገዶች አንድ ልጅ የያዘችን እናት ከ36ኛው ሳምንት በኋላ አያሳፍሩም፤ መንታ ከሆነ ደግሞ ገደቡ ከዚያ ይቀድማል። ከደንበኞቻችን አንዷ እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ 29ኛ ሳምንቷ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ብላ ነበር የሄደችው። በረራዋ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ሦስተኛው ሲገኝ ጊዜው አልፎባት ስለነበር፣ ክትትል ባልነበራት ሆስፒታል፣ ባለቤቷም የመጀመሪያ ልጇም በሌሉበት ወለደች። እናትም ሕፃንም በሰላም ቤታቸው ገብተዋል። ነገር ግን ያን ትኬት የቆረጥንላት እኛ ነበርን፤ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅናትም።

በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የጉዞውን ቀናት ቆጥሮ ክኒን ቢይዝ በደህናው ጊዜ ይበቃው ይሆናል። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱ ባዕድ አገር ሲያልቅበት ግን፣ ሐኪም ቤቱ በወረርሽኙ ሕመምተኞች ተጨናንቆ፣ ፋርማሲው ደግሞ የያዘውን የመድኃኒት የንግድ ስም ሳያውቀው ሊቀር ይችላል። የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል፤ የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ ሐኪማችሁ በዚህ ስም መጠኑን ጨምሮ የጻፈላችሁን ወረቀት እንድትይዙ፣ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው በእጅ ሻንጣችሁ እንድታደርጉ፣ ሐኪማችሁ ከፈቀደም ከጉዞው ጊዜ የሚተርፍ እንድትይዙ እንመክራለን። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ደንበኞቻችንማ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ጊዜ ስለሚታጠቡ፣ የአንድ ሳምንት መዘግየት እንኳ ለእነርሱ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ መመለሻው ቢራዘም የሚቀበላቸው የእጥበት ማዕከል መኖሩ ሳይረጋገጥ ትኬት እንዳይቆርጡ እናሳስባለን።

ለሕክምና የምትጓዙ ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ ይኖርባችኋል። ወረርሽኝ በሽተኛ የሚያበዛውን ያህል ሌሎች ሕክምናዎችን ያስቆማል። በመጀመሪያው ማዕበል ወቅት አገልግሎቶች ክፉኛ በተስተጓጎሉባቸው 12 ሳምንታት በዓለም ዙሪያ 28.4 ሚሊዮን ያህል አስቀድመው የተቀጠሩ ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚሰረዙ ወይም እንደሚራዘሙ ተመራማሪዎች ገምተው ነበር። በ2020 አዲስ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ተብለው የተመዘገቡት ሰዎች ቁጥር በ2019 ከነበረው 7.1 ሚሊዮን ወደ 5.8 ሚሊዮን ወርዷል፤ በሽታው ቀንሶ ሳይሆን የሚመረምር ስለጠፋና ሰውም ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ ስለፈራ ነው። የሕክምና ቀጠሮ ይዛችሁ ትኬት ስትቆርጡ፣ ሆስፒታሉ ቀጠሮውን ካራዘመ የሚያሳውቃችሁ ማን እንደሆነና ትኬታችሁ ቀን መቀየር የሚፈቅድ መሆኑን አብረን እናጣራለን።

ወደ ቤተሰብ ስንመጣ፣ ከሁሉ የከበደን የሐዘን ጉዞ ነበር። በኮቪድ-19 ጊዜ በብዙ አገሮች የገባ ሰው 14 ቀን በለይቶ ማቆያ እንዲቆይ የተደረገው፣ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ እስከ 14 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ነው። መነሻው ትክክል ነበር። ቀብር ግን 14 ቀን አይጠብቅም። አባቱ ያረፉበት አንድ ደንበኛችን ፈቃድ አግኝቶ ደርሶ፣ ቀብሩን ከለይቶ ማቆያ ክፍሉ ሆኖ በስልክ መስታወት ተከታትሏል። ከመነሣቱ በፊት ይህ እንደሚሆን ነግረነው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያኔም ይሄድ ነበር፤ ነገር ግን እያወቀ የመወሰን መብቱን አንነፍገውም ነበር። ስለዚህ ለሐዘን ስትጓዙ በመዳረሻው ያለውን የቆይታ ግዴታ አስቀድመን እንነግራችኋለን፤ ሌላው ሁሉ ምርጫ የእናንተ ነው።

ልጆችን ለዘመድ ትታችሁ ስትሄዱ፣ አደራው የተሰጠው ለተወሰነ ቀን መሆኑን አስቡልን። ያ ቀን ካለፈ ልጁን ሐኪም ቤት የሚወስደው፣ በትምህርት ቤት ስለ እርሱ የሚፈርመው ማን ነው? በኤፕሪል 2020 ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ተማሪዎች ወደ 1.6 ቢሊዮን ይጠጉ ነበርና፣ ለሁለት ሳምንት ከትምህርት በኋላ ልጅ ሊጠብቅ የተስማማ ዘመድ ለወራት ሙሉ ቀን ጠባቂና አስተማሪ ሊሆን ይችላል። ለአሳዳሪው የተጻፈ ፈቃድ መተው ቀላል ነገር ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ማዘጋጀት ግን በጣም አስቸጋሪ ነው። ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ለሚጓዝ ልጅም የሌላው ወላጅ የስምምነት ደብዳቤ ከመነሻው እንዲያዝ እንጠይቃለን።

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች የሚመሩበት ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ በ2024 ተሻሽሎ፣ ማሻሻያው ለአብዛኞቹ አባል አገሮች ከሴፕቴምበር 19 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህም ከቀድሞው የአስቸኳይ ሁኔታ ደረጃ በላይ «የወረርሽኝ አስቸኳይ ሁኔታ» የሚባል አዲስ ደረጃ ተጨምሯል። ይህ ቃል አንድ ቀን በዜና ከተሰማ፣ በራሱ ድንበር የሚዘጋ ትእዛዝ አለመሆኑን እወቁልን፤ ድንበርን የሚዘጋውም የሚከፍተውም እያንዳንዱ መንግሥት ነው። በዚያ ዕለት እኛ መጀመሪያ የምንደውለው ገና ላልሄዱት ሳይሆን መንገድ ላይ ላሉት ደንበኞቻችን ነው፤ ከእነርሱም መካከል መድኃኒት፣ እርግዝና፣ የሕክምና ቀጠሮ ወይም አደራ የተሰጠ ልጅ ያላቸው ይቀድማሉ። ማን መቅደም እንዳለበት ልናውቅ የምንችለው አሁን በምትነግሩን ነገር ብቻ ነው።

የምትሰጡን መረጃ በፈቃዳችሁ ነው። መመለስ የማትፈልጉትን ጥያቄ ብታልፉት ትኬታችሁ አይከለከልም፤ የነገራችሁንንም ጉዞው ተጠናቅቆ ከተመለሳችሁ በኋላ ከመዝገባችን እንሰርዘዋለን። በ2020 እና በ2021 የተሰጧችሁ ያልተጠቀማችሁባቸው ቫውቸሮች ካሉ ይዛችሁ ኑ፤ ጊዜያቸው አልፏል ብላችሁ አትጣሏቸው፣ የአገልግሎት ጊዜውን ደጋግመው ያራዘሙ አየር መንገዶች ስለነበሩ አንድ በአንድ እናጣራላችኋለን። በቅርቡ የምትጓዙ ደንበኞቻችን ደግሞ በጉዞ ላይ ሳላችሁ የምንደውልበትን ስልክና ቤት ከቀሩት ሰዎች አንዱን የምናገኝበትን ቁጥር ከመነሻችሁ በፊት እንድታስመዘግቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር

የጉዞ ወኪል ድርጅታችሁ ሥራ አመራርና ሠራተኞች