ከአፋቸው እንፋሎት የማይወጣ ሰዎች

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመጀመሪያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ የምኖር የዲሽ ሠራተኛ ነኝ። ዲሽ እተክላለሁ፣ አዞራለሁ፣ የተበላሸ ሪሲቨር እጠግናለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነው። ስለዚህ ሳምንት ሁለት ሳምንት ያለፈበት እትም ነው የሚደርሰኝ። ደብዳቤዬ የዘገየውም ለዚያ ነው።

አንድ ጸሐፊያችሁ በቅርቡ የፈረንጅ የገና የፍቅር ፊልሞችን አብጠልጥለዋል። «አንዱን ያየ ሁሉንም አየ» ብለዋል። እነሱን ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ሥራ የፈታ ነው ለማለትም ቃጥቷቸዋል። እኔ ሥራ አልፈታሁም። ግን አያለሁ። በዚያ ላይ ማን ምን እንደሚያይ ከዲሽ ሠራተኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳሎን ገብተን ቻናሉን የምንሞክረው እኛ ነን።

ላላየ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ትልቅ ከተማ ትሠራለች። ሥራ በዝቶባታል። እጮኛ አላት፤ እሱም ከስልኩ ቀና አይልም። ገና ሲቃረብ በሆነ ምክንያት ተወልዳ ያደገችበት መንደር ትመለሳለች። እዚያ የእናቷ ዳቦ ቤት ሊዘጋ ነው። ወይ የአያቷ እንግዳ ማረፊያ ሊሸጥ ነው። ቼክ ሸሚዝ የለበሰ አናጢ ብቅ ይላል። ሚስቱ ሞታበታለች፤ አፈ ጮሌ የሆነች ትንሽ ልጅ አለችው። መጀመሪያ ይጣላሉ። ከዚያ ብስኩት ይጋግራሉ፣ ዛፍ ያስጌጣሉ። ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ልጅቷ የሆነ ነገር በከፊል ትሰማና ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ከዚያ በረዶ መውረድ ይጀምራል። ይሳሳማሉ። ዳቦ ቤቱም ይተርፋል።

አዎ፣ ሁሉም እንዲህ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ አልተሳሳቱም።

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከፊልሞቹ ብዙዎቹን የሚያወጣውን ድርጅት በስልኳ ፈልጋ አነበበችልኝ። ሆልማርክ ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ በ1910 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ጆይስ ሆል የተባለ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ፖስትካርድ መሸጥ ጀመረ። ድርጅቱ ከዚያ ነው የመጣው። በስሙ የሚጠራው የቴሌቪዥን ጣቢያ የተከፈተው በ2001 ነው። ከ2009 ወዲህ ደግሞ ወቅቱን ሙሉ ለገና ፊልም ሰጠው። በቅርብ ዓመታት በአንድ ወቅት እስከ አርባ የሚደርስ አዲስ ፊልም ያወጣል። አንዱን ለመቅረጽ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይበቃቸዋል።

ይህን ስሰማ ነገሩ ገባኝ። ሰዎቹ ካርድ ሻጮች ናቸው! ፊልሙም ካርድ ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ። «እንኳን አደረሰህ» የሚል ካርድ የደረሰው ሰው «ይሄንማ አምናም ብለኸኝ ነበር» ብሎ አይመልስም። እኛስ ሠርግ ላይ ሙሽራውን «አዲስ ዘፈን ካልመጣ አልጨፍርም» እንላለን? ገና በመጣ ቁጥር ያው «አሲና በል አሲና ገናዬ» ነው። ማንም አልሰለቸውም።

ሌላው ከሙያዬ ጋር የተያያዘ ነው። ፊልሞቹ ለቴሌቪዥን ስለሚሠሩ ማስታወቂያ እንዲገባባቸው ሆነው የተቆራረጡ ናቸው። እያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ልብ ሰቅሎ ይቆማል። ሰው ተነሥቶ ሻይ አፍልቶ ቢመለስ ምንም አያመልጠውም። እንግዲህ ይህን ወደ እኛ አምጡት። መብራት ይሄዳል። ደመና ሲከብድ ሲግናል ይሄዳል። የቱርክ ተከታታይ ድራማ አንድ ምሽት ካመለጠ ሳምንቱን ሙሉ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሲጠያየቁ ነው የሚከርመው። የገና ፊልም ግን መብራቱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ቢመጣም ይጠብቅሃል። «አሁን ተጣልተዋል ማለት ነው» ትላለህ፤ ተጣልተው ታገኛቸዋለህ።

የኛን የዲሽ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት የሚባለው የሳተላይት ሥርጭት ላይ ሲሰባሰቡ የብዙ ሰው ዲሽ ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ኢትዮሳት በዚያ በኩል ነው። የገና ፊልሞቹን የሚያሳዩት የዐረብ ጣቢያዎች ያሉበት ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ በኩል ነው። ሁለት ዲሽ ያለው ሰው አይቸገርም። አንድ ብቻ ያለው ግን መምረጥ አለበት። ኅዳር ሲገባ «ወደ ናይልሳት አዙርልኝ» የሚል ስልክ ይበዛብኛል። የገና ዋዜማ ላይ ያው ሰው ይደውልና «መልስልኝ፣ ላሊበላ ቤዛ ኩሉ እንዳያመልጠኝ» ይላል። በዓሌን የምውለው በዚህ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አድሏዊ ነው ብትሉኝ አልቀየምም።

ከአምስት ደንበኞቼ ሦስቱ ከፊልሙ ሥር የሚሮጠውን የዐረብኛ ጽሑፍም ሆነ እንግሊዝኛውን አያውቁም። ቢሆንም ይገባቸዋል። ወጣቶቹ በአማርኛ የተተረከውን ከቴሌግራም ያወርዳሉ። አማቴ ግን ያለ ትርጉም ነው የሚያዩት። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። የመንዝ ሰው ናቸው። ስለ ብርድ ማንም አይነግራቸውም።

አንድ ቀን አብረን ስናይ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እነዚህ ሰዎች ከአፋቸው እንፋሎት አይወጣም» አሉኝ።

አላስተዋልኩትም ነበር። እውነትም አይወጣም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በታኅሣሥ ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ዲሽ ስፈታ አፌ እንደ ጀበና ይጨሳል። ዲሹ ላይ ውርጭ ጋግሮ ቁልፉ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። እነሱ ግን በረዶ መሐል ኮታቸውን ከፍተው፣ ኮፍያ ሳያደርጉ ይሳሳቃሉ። በኋላ ልጄ ነገረችኝ። ከፊልሞቹ ብዙዎቹ የሚቀረጹት ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። ያውም ብዙ ጊዜ በበጋ ሙቀት። በረዶው አረፋና ወረቀት ነው። ተዋናዮቹ በሱፍ ኮት ውስጥ በላብ ይጠመቃሉ። አማቴ ያለ ስልክና ያለ ኢንተርኔት ከሳሎን ሆነው ደረሱበት።

(ተዋናዮቹ የሚይዙት ስኒ ባዶ መሆኑንም አማቴ ነቅተውበታል። «ቡና ያለበት ስኒ እንዲህ አይወዛወዝም» ይላሉ። አሁን እኔም ከስኒው ሌላ ማየት አቅቶኛል።)

«ታዲያ ውሸት መሆኑን እያወቁ ምኑን ያዩታል?» አልኳቸው።

«ልጅቱ ትመጣለች» አሉኝ።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ቤይሩት ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

ከጾሙ ጋር ያለውን ነገር ደግሞ ጸሐፊው ጭራሽ አላነሡትም። የፈረንጅ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 16 ነው። ፊልሞቹ ከጥቅምት ጀምሮ እስከዚያ ይደረደራሉ። እኛ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት እንገባለን። እነሱ ቅቤና ወተት በብስኩት ሲያቦኩ እኛ ሽሮ ቀርቦልን እናያለን። ባለቤቴ «ዓይን አይጾምም እንዴ?» ትለኛለች። እኔ ግን ለጾም የሚሆን ፊልም ቢኖር ይሄ ነው ባይ ነኝ። ስድብ የለም። ደም የለም። ማንም ልብሱን አያወልቅም፤ እንዲያውም ሁልጊዜ ተደራርቦ ለብሶ ነው።

እኛ ቤት ውስጥ ሪሞት የሚይዘው አባት ነው። የሪሞት ዋና ጥቅም ደግሞ ቻናል መቀየር ሳይሆን መሳሳም ሲመጣ ማምለጥ ነው። ሌላ ፊልም ላይ መሳሳሙ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ከአማት፣ ከልጅና ከጎረቤት ጋር ተቀምጠህ ድንገት ይወርድብሃል። ሪሞቱ ትራስ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ሁሉም ሰው ጣሪያ ያያል። የገና ፊልም ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም መጨረሻ ላይ፣ ያውም በረዶ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነው። አንዲት ደንበኛዬ በረዶው ብልጭ ሲል ጠብቀው «አንቺ፣ ከሰል ጨምሪ» ብለው ልጃቸውን ወደ ጓዳ ይልካሉ። ልጅቱ ስትመለስ ፊልሙ አልቋል። እስካሁን አንድም ፊልም እንዴት እንደሚያልቅ አላየችም። ግን ታውቀዋለች።

አንድ ቤት ደግሞ አለ። ሴትየዋ የአጣዬ ሰው ናቸው። በ2013 ከተማው ሲቃጠል ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚህ መጡ። አሁን አንድ ክፍል ተከራይተው ዳቦ ጋግረው ይሸጣሉ። ቴሌቪዥኑን ዘመድ ነው የሰጣቸው። ዲሹን ላስተካክል የሄድኩ ዕለት ሲግናሉ ሲገባ ያው ዳቦ ቤቱ፣ ያው አናጢ ወጣ። ለጨዋታ ያህል «እትዬ፣ ይሄስ አይሰለችዎትም?» አልኳቸው።

«ወንድሜ፣ እዚህ ላይ የሞተው ሰው ሁሉ ፊልሙ ሳይጀምር ነው የሞተው» አሉኝ። «ከተጀመረ ወዲህ ማንም አይሞትም። እኔ እሱን አውቄ ነው ቁጭ የምለው።»

ሊጡን መጠፍጠፍ ቀጠሉ። እኔ ኬብሉን ጠቀለልኩ። ሂሳብ ልቀበል አልቻልኩም፤ እሳቸው ግን በግድ ሁለት ዳቦ አስያዙኝ።

ፊልሞቹ እንከን የላቸውም አልልም። ሰው ሁሉ ሰፊ ቤት አለው። ስለ ቤት ኪራይ የሚያወራ የለም። በቀን አራት ሰው የሚገባበት ዳቦ ቤት እንዴት ሦስት ሠራተኛ እንደሚቀጥር አይገባኝም፤ የአጣዬዋን ሴትዮ ብጠይቃቸው ይስቁብኛል። ልጄ ደግሞ ከሁሉ የከፋውን አንሥታብኛለች። «አባዬ፣ ለምንድነው ሁሌ ሥራዋን ትታ የምትመጣው እሷ?» አለችኝ። ኢንጂነሪንግ ለመማር የምታስብ ልጅ ናት። አናጢው ለምን ዕቃውን ይዞ ወደ ከተማ አይሄድም? መልስ አጣሁ። እናቷ «ዝም ብለሽ እዪ» አለቻት። እኔ ግን ልጄ ልክ ናት እላለሁ።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። እኛ ለምን የራሳችን የለንም? የገና ዕለት ጣቢያዎቻችን የሚያሳዩን ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ እንግዶች በሐበሻ ልብስ ተደርድረው ሲሳሳቁ ነው። እሱም በየዓመቱ አንድ ነው። አንድ መሆኑን አልጠላሁትም፤ ታሪክ የለውም እንጂ።

በሁለት ሳምንት የሚቀረጽ ፊልም እኮ አገሩ ሞልቷል። ልጅቷ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ትሳፈር። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ይግባባት። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስኮቱን ይሸፍነው፤ ያ ጉም አረፋም ወረቀትም አይፈልግም። ዋሻውን ስታልፍ አገሩ ወለል ይበልላት። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይክበቡት። አንዱ ቆሎ ሻጭ አብሯት የተማረ ይሁን። አናጢ ካስፈለገም አለን። አባቷ ገብሱን ወቅተው ያልጨረሱ፣ እናቷ ጠላ የጠመቁ ይሁኑ። የመንደሩ ጎረምሶች ሜዳው ላይ ገና ሲጫወቱ ጥንጓ ሄዳ ሻንጣዋን ትምታው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይበላት። መጣላታቸው ከዚያ ይጀምር። በረዶ ግን ይቅርብን፤ የእኛ በረዶ ገብስ ይደበድባል እንጂ ሰው አያሳስምም። በውርጭ ይተካ። መሳሳሙ ቀርቶ ጉርሻም ይበቃል። ለልጄም ሲባል መጨረሻ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው እሱ ይሁን።

ይህን የሚሠራ ሰው ከተገኘ ጄነሬተርና ኬብል የምይዘው እኔ ነኝ።

ጸሐፊውን ባለቤቴ ቡና ጠርታቸዋለች። ጠባሴ ደርሰው «የዲሽ ሠራተኛው ቤት» ቢሉ ያሳዩዋቸዋል። ጣሪያው ላይ ሁለት ዲሽ አለ፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። አማቴም ይኖራሉ። ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቄያለሁ ብላለች፤ በረዶው መውረድ ከጀመረ በኋላ ማውራት ክልክል ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
የዲሽ ሠራተኛው
ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ