ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህት ዓለሜ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህቺን መስመር ጽፌ ብዙ ቆየሁ። ትዝ ይልሻል፣ ልጅ ሳለን የሰፈር እናቶች ዓረብ አገር ላሉት ልጆቻቸው ደብዳቤ ሲያስጽፉን፣ በዚህች መስመር ካልጀመርን «እንደገና ጀምሪው» ይሉን ነበር። እኛ ለወጉ እንጽፋታለን፣ እነሱ ሲነበብላቸው ያለቅሳሉ። ዛሬ ማንም ሳያስጽፈኝ ጻፍኳት። ዘጠኝ ዓመት ዝም ብዬሽ ኖሬ ከዚህች ሌላ መጀመሪያ አላገኘሁም።

ማህሙድ አህመድ ተሰናበተ። መቼም ሰምተሻል። ጥር ላይ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ፣ በ83 ዓመቱ። ያን ሰሞን በተሳፈርኩበት ታክሲ ሁሉ የምሰማው የሱን ዘፈን ነበር። የእህቴ ልጅ «እቴቴ፣ ትኬት ልቁረጥልሽ?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። ወገቤን አሞኛል አልኩት። ወገቤን አላመመኝም። አባትሽ፣ አባባ፣ በሌሉበት ማህሙድን መሰናበት ከበደኝ። አባባ ካሉ ደግሞ አንቺ አለሽ፤ አንቺ ካለሽ ያቺ ሐሙስ አለች። ወደ ሐሙሷ እመጣለሁ። ቀድሜ ግን ስለ ማህሙድ ላውራሽ፤ እኔና አንቺ ከባድ ነገር ልንነጋገር ስንል ሁልጊዜ መጀመሪያ ዘፈን እንከፍት ነበርና።

ቤታችሁ ዓይኔ ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ሰዓት እላፊው ሲቃረብ እናትሽ «እንግዲህ እዚሁ ትደር» እስኪሉልኝ ድረስ እንዴት እንደምጠብቅ! መንገድ ለመሻገር ነበር እኮ፤ ግን ያኔ መንገድ መሻገርም ያስፈራ ነበር። አባባ በሩን ይቀረቅራሉ፣ መስኮቱን በገበርዲን ቁራጭ ይጋርዳሉ፣ ከዚያ ሲንጀራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ናሽናሏ ቴፕ ከጎናቸው የክር ሳጥኑ ላይ ናት። ለበዓል የተቀጠረ ሱሪ እየሰፉ እስከ እኩለ ሌሊት ያሰሙናል፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው። ማሽኑ ሲሮጥ ዘፈኑ ይሰወራል፤ ስፌቱ ጥግ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል። እስከ ዛሬ የማህሙድን ዘፈን ሳይቆራረጥ ስሰማው አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል። የጎደለው የሲንጀሩ ድምፅ ነው።

የማህሙድን ታሪክ እንደ ዘመድ ታሪክ ነበር የሚነግሩን። መርካቶ ተወለደ፣ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ከስደት በተመለሱ በቀናት ውስጥ። ትምህርቱ አልሆንልህ አለው። ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠረገ። ከዚያ አሪዞና ክለብ የተገኘውን ሁሉ እየሠራ ተቀጠረ። የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው ሲወጡ እዚያ ይጫወቱ ነበር፤ እሱም እየሠራ ያደምጣል። አንድ ምሽት ዘፋኙ ሳይመጣ ቀረ። ያ ተላላኪ ልጅ ጠጋ ብሎ «እኔ ልዝፈን» አለ።

እዚህ ጋ ሲደርሱ አባባ እግራቸውን ከፔዳሉ ያነሱ ነበር፣ አስተውለሽ ከሆነ። ሁልጊዜ። ማሽኑ ዝም ይላል፣ እኛም ዝም እንላለን። እሳቸውም በልጅነታቸው የሌላ ሰው ሱቅ ደጃፍ ሲጠርጉ ነው ስፌት የለመዱት፤ ያ «እኔ ልዝፈን» የራሳቸው ታሪክ የነበረ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሽኑን እያስኬዱ ይጨርሱታል፤ ክብር ዘበኛ ገባ፣ ንጉሡ እስከወረዱበት ጊዜ ድረስ ከኦርኬስትራው ጋር ዘፈነ።

የመጀመሪያ ሸክላው የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከቬነስ ባንድ ጋር፣ በአምሃ ሪከርድስ። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ሥራ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ ገና ወጣት ሳለ ደፍሮ ገባበት፤ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ሕንድ አገር አስቀርጾ አመጣ። እሱ ባይደፍር ኖሮ ያ ሁሉ ድምፅ በየምሽት ክበቡ አየር ላይ ተበትኖ ይቀር ነበር፤ ለዚህ ሰውዬ የምንሰጠው ምስጋና መቼም አይበቃም። የማህሙድ ሸክላ ላይ ያለው ዘፈን ስሙ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? «ናፍቆት ነው የጎዳኝ»። የማህሙድ ሥራ ገና ከመጀመሪያው እነዚያ እናቶች ያስጽፉን በነበረው መስመር ነው የጀመረው።

ጥላሁንን ሲከፍቱ አባባ ቀና ይሉ ነበር፤ ማህሙድን ሲከፍቱ ጎንበስ ይላሉ። «ጥላሁን ያዝዛል፣ ማህሙድ ይለምናል» ይሉን ነበር። አንቺ አልተቀበልሽም፤ ጥላሁንን ዝቅ ያደረጉብሽ መስሎሽ አኮረፍሽ። እኔ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ማህሙድ የሚወዳትን ሲጠራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነሳና መጨረሻው ላይ ያንቀጠቅጠዋል። ሰው ሲለምን ድምፁ የሚርደው እንደዚያ ነው። ግን አያመልጠውም፤ እያንዳንዷን ቅላጼ የት እንደሚያሳርፋት ያውቃል። ልመናውም ውርደት የለበትም። የወደደ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ክብሩን ሳይጥል እንዴት እንደሚለምን ከሱ የተማርን ይመስለኛል።

«ኧረ መላ መላ»ን እስቲ እንደገና ስሚው። በ1975 እ.ኤ.አ. ነው ከአይቤክስ ባንድ ጋር በካይፋ ሪከርድስ የወጣው። የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ያንኑ እየደጋገመ ይዞራል፣ የሰላም ስዩም ጊታር ከላዩ ይረግጣል፣ ማህሙድ ትንፋሽ ሲወስድ የፈቃደ አምደ መስቀል ሳክስፎን ገብቶ ይመልስለታል። የሚያጽናናው የለም፤ ሁሉም አብረውት ይዞራሉ እንጂ ማንም መላውን አይነግረውም። ዓመቱን ልብ በዪ። ንጉሡ ወርደዋል፣ ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፣ የማታው ከተማ በሰዓት እላፊ እየተዘጋ ነው። ዘፈኑ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ከፍቅር ሌላ ያለው ነገር የለም። ሰው ግን የራሱን ጭንቅ ሁሉ ይዞ ገባበት። አባባም «መላ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እያሰቡ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅናቸውም።

ትዝታውስ! ከ10 ደቂቃ በላይ የሚሄደው። እስከ መጨረሻው ማን ሳይተኛ ይሰማል ብለን እንወራረድ ነበር፤ አንቺ ሁልጊዜ ትተኛለሽ፣ እኔ ሁልጊዜ ሰምቼ እጨርሳለሁ፣ ጠዋት ደግሞ «እኔም ሰምቻለሁ» ብለሽ ትከራከሪኛለሽ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ሲዘፍን፣ ከሙዚቀኞቹ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ እንደኖረ መጀመሪያ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ማህሙድ ተመለሰ። ፒያሳ የሙዚቃ ሱቅ ነበረው፤ አባባ በወር አንድ ጊዜ ከደንበኛ የተቀበሉትን ብር ቆጥረው አዲስ ካሴት ሊገዙ በእግራቸው የሚወጡት ወደዚያ ነበር። በኋላ አንድ ፈረንሳዊ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ፣ ያንን «ኧረ መላ መላ» ሰምቶ እንቅልፍ አጣና አዲስ አበባ ድረስ መጣ፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ዘፈኑ ብራስልስ ታትሞ ቋንቋችንን የማያውቅ ሰው ሁሉ ይሰማው ጀመር። በ2007 እ.ኤ.አ. ማህሙድ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ሲያገኝ አባባ በሬዲዮ ሰምተው እኔ ቤት ድረስ መጡ። በዝናብ። ቁጭም አላሉ። «ልጄ ጋ ደውይና ንገሪያት» ብለውኝ ተመለሱ። ያኔ ደወልኩልሽ፤ ትዝ ይልሻል?

እንግዲህ ሐሙሷ።

አባባ ያረፉት ረቡዕ ሌሊት ነበር። ወንድሞችሽ እዚያ ካሉት ሰዎች ጋር ተማክረው መርዶሽ ቅዳሜ ጠዋት እንዲነገርሽ ወሰኑ፤ የሌሊት ሥራ ላይ ስለነበርሽ መንገድ ላይ፣ ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው። እኔም እሺ አልኩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ስምሽ ነው። ሁሉም አዩኝ። ነጠላዬ ሥር ከተትኩት። ቆመና እንደገና ጠራ። ከዚያ ሦስተኛ። አባባ አላነሱ ሲሉሽ ወደ እኔ እንደደወልሽ ገብቶኛል። ካነሳሁት ወይ ልዋሽሽ ነው፣ ወይ ያለ ሰው ከእኔ አፍ ልትሰሚው ነው። ሁለቱንም አልቻልኩም። ጭኔ ላይ ሲንቀጠቀጥ አሁንም ድረስ ይሰማኛል።

መርዶው ይነገራትና እደውላለሁ አልኩ። ከዚያ ሰልስቱ ይለፍ አልኩ። ከዚያ አርባው። በአርባው ማግስት መልእክትሽ ደረሰኝ፤ «ደውዬልሽ ነበር» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። መልስ እየጻፍኩ ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁት እግዜር ያውቃል። ወጋችንን አልወቅስም፤ ሰው መርዶውን በሰው መካከል፣ የሚደግፈው እጅ ባለበት ይስማ ብለው የሠሩት አባቶች ደግ አስበው ነው። ወጉ ግን ቅዳሜ ጠዋት አለቀ። ከቅዳሜ በኋላ ያለው ዝምታ የእኔ ብቻ ነው። ይቅር በይኝ።

ሌላም ያልነገርኩሽ አለ። ቤቱ ሲለቀቅ ወንድሞችሽ «የምትፈልጊው ካለ ውሰጂ» ሲሉኝ የካሴቶቹን ካርቶን ወሰድኩ። ላንቺ ላስቀምጥልሽ ብዬ ነበር፤ ሳልነግርሽ ዘጠኝ ዓመት አልጋዬ ሥር አኖርኩት። የኮንሰርቱ ማታ የእህቴ ልጅ ብቻውን ሄደ። እኔ ከጎረቤት ቴፕ ተውሼ ካርቶኑን ሳብኩት። 31 ካሴት ነው። አንዳንዱ ክሩ ተጣብቋል፣ አንዳንዱ ይዘፍናል። የማህሙዶቹ ከሁሉ የበለጠ አልቀዋል፤ ድምፁ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

ከአንዱ ካሴት ማቀፊያ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሳወጣው ጀርባው ላይ ጽሕፈት አየሁ። አባባ ወረቀት ሲያጡ የሰው ልክ የትም እንደሚጽፉ ታውቂያለሽ። «ትከሻ 39፣ ደረት 88፣ እጅጌ 58» ይላል፣ በዚያ ዘንበል ባለ እጃቸው። ከላይ የቤት ስምሽ አለ። ከሥር ደግሞ «ሰፋ ይበል፤ ብርድ ነው፣ ከውስጥ ሹራብ ትለብሳለች»። በ1989 ዓ.ም. ለጉዞሽ የሰፉልሽ ኮት ነው። ያንን ኮት እየሰፉ ይሰሙት የነበረው ይህን ካሴት ይሆናል ብዬ አሰብኩና መልሼ ከተትኩት፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ተንበርክኬ ነበር የሰማሁት። መስኮቴ ክፍት ነበር፤ ሰፈሩ ዝም ብሏል።

ማህሙድ ከ60 ዓመት በላይ ናፍቆትን ዘፍኖ፣ መሰናበቻው ሲደርስ ሕዝቡን ጠርቶ ፊት ለፊት ቆሞ ተሰናበተ። እዚያ አዳራሽ መገኘት ነበረብኝ፤ ስለ አባባም ጭምር። እንደ ስልኩ ሁሉ ያንንም ዝም ብዬ አሳለፍኩት። ይህ ደብዳቤ ያን ማታ ነው የተጀመረው፣ የጨረስኩት ግን ዛሬ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እናንተ የምትመጣ ሴት አለች። ካርቶኑን በሙሉ እሰጣታለሁ፤ ሽሮና በርበሬም አለው፣ በርበሬውን ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት። ያቺ ካሴት ከሌሎቹ ጋር አይደለችም፤ በገበርዲን ቁራጭ ጠቅልዬ ከላይ አድርጌያታለሁ። ከመክፈትሽ በፊት ወረቀቷን አውጪና እዪያት። ኮቱ እስካሁን ካለሽ ንገሪኝ።

ቁጥሬ አልተለወጠም። እሑድ በእናንተ ጠዋት፣ በእኛ ማታ፣ ቤት ነኝ። ከደወልሽ አነሳለሁ።

የምትናፍቅሽ፣
ከመንገድ ማዶ ያለችው ጓደኛሽ