ጥያቄው ከሪፖርቱ ይቅደም

ሰላም አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ የወረዳችን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ለነዋሪው ሪፖርት ሲያቀርቡ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። መጥተው ፊት ለፊት ስላናገሩን ደስ ብሎኛል፣ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የሰማነው "አፈጻጸማችን ይህን ያህል በመቶ ደርሷል" የሚል ብቻ ነው። የምኑ በመቶ? እኛ ሰፈር ለቧንቧ ተብሎ የተነሳው ኮብልስቶን ተመልሶ አልተነጠፈም፣ የፍሳሽ ቦዩ ክዳን ደግሞ ከፋሲካ ጀምሮ እንደተሰበረ ነው፣ ማታ ልጆች እንዳይገቡበት ጎረቤቶቻችን ያረጀ የመኪና ጎማ ጣል አድርገውበታል። አንዲት እናት ይህንኑ ሊጠይቁ እጃቸውን ቢያወጡ "ሰዓት አልቋል" ተባሉ። እጃቸውን ቀስ ብለው ሲያወርዱ አንጀቴን በሉት።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የትኛው መንገድ መቼ እንደሚሠራ፣ ስንት ብር እንደተያዘለትና ማን እንደሚከታተለው በአንድ ወረቀት ጽፎ የወረዳው በር ላይ መለጠፍ ይበቃል። በሚቀጥለው ስብሰባ እባካችሁ ከሪፖርቱ በፊት ጥያቄ ይቅደም፣ እኚያ እናትም መጀመሪያ ይናገሩ።

አንድ ነዋሪ፣ ከአዲስ አበባ