ልጅን መላክም ማስተማር ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው ጥር 11 ቀን፣ ታቦታቱ ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወደየአድባራቸው ሲመለሱ፣ የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ በሕዝቡ መካከል ከእጄ አመለጠኝ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኘሁት አስተባባሪ ወጣቶች አጠገባቸው አስቀምጠው ሲያባብሉት ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ ሲጠይቁት «የማሚ»፣ የአባቱን ስም ሲጠይቁት «ዳዲ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ እንዳላገኙ ነገሩኝ፤ ሰፈሩንም ሆነ ስልክ ቁጥር አያውቅም ነበር። ይህ ልጅ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ያለ ስሕተት የሚወጣ፣ በመዋዕለ ሕፃናቱም የተሸለመ ነው። ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእኛ የአሳዳጊዎቹ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሕፃናትን ሳስተምር የኖርኩት እኔም ከወቀሳው አላመልጥም።

በእኛ ልጅነት «የማን ልጅ ነሽ?» የሚለው ጥያቄ በየደጃፉ ይጠብቀን ስለነበር፣ አፋችንን እንደፈታን የአባታችንንና የአያታችንን ስም መቁጠር እንለምድ ነበር። ከዚያ መላክ ይከተላል፤ መጀመሪያ ወንፊት ለመዋስ ወደ ጎረቤት፣ ቀጥሎ ጨውና ክብሪት ለመግዛት ወደ ሱቅ፣ ከፍ ስንል ደግሞ ከትልልቆቹ ጋር ወደ ቅዳሜ ገበያ። መልእክትን ሳያዛቡ ማድረስን፣ መልስ ቆጥሮ መቀበልንና ታላቅን በአክብሮት ማናገርን የተማርነው በዚያ መላላክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሕይወት ክህሎት ብሎ ከሚዘረዝራቸው መካከል ተግባቦት፣ ውሳኔ መስጠትና ችግር መፍታት ይገኛሉ፤ ዘይት ሊገዛ ተልኮ ሱቁን ዝግ ያገኘ ልጅ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይለማመዳል።

የዛሬ ወላጆች ልጅ መላክ የተዉት በስንፍና እንዳልሆነ አውቃለሁ። የባጃጁ ብዛትና በከተማችን ያየነው እገታ ማንንም ያስፈራል፤ እኔም የስድስት ዓመት ልጅ ብቻውን ገበያ ይውጣ አልልም። ሆኖም ልጁ ስሙን እስከ አያቱ፣ የሰፈሩን መጠሪያና የአንድ ወላጁን ስልክ በቃሉ እንዲይዝ፣ ይህንንም ለማን መንገር እንደሚገባው እንዲለይ የሚያስገድደን ይኸው ስጋት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደልን በዜማ የያዝን ሰዎች፣ አሥሩን የስልክ አሃዝ በዜማ ማስያዝ አያቅተንም። መላኩም ከግቢ ውስጥ ሊጀመር ይችላል።

እሳትንም እንዲሁ ደብቀን አንዘልቀውም። በክረምት ብርድ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት የሚገባባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላም ሽታ የሌለው መርዛማ አየር ስለሚያወጣ፣ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው በሩን ከፍቶ መውጣትና ሰው መጥራት እንዳለበት ሊያውቅ ይገባል።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ትምህርት እንዲኖር ደንግጓል። የከተማችን መዋዕለ ሕፃናትና የወላጅ መምህር ኅብረቶች እነዚህን ሁለት ዓመታት በባዕድ ፊደል ብቻ እንዳይሞሏቸው፣ ይልቁንም ሕፃናቱን ከክፍል ወደ ክፍል መልእክት እንዲያደርሱ፣ እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ፣ ማንነታቸውን ጮክ ብለው እንዲናገሩ እንዲያለማምዷቸው እለምናለሁ።

የልጅ ልጄ አሁን ስልኬን በቃሉ ይዟል። ሰሞኑን ሰፌድ እንዲያመጣልኝ ወደ ጎረቤት ብልከው፣ «ሰፌዱ ሌላ ቤት ነው፤ ማታ ይመለሳል ብለዋል» ሲል መልሱን ሳያዛባ አደረሰልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ከጎንደር