ስለ ቆርኪው እና ስለ ባዶው ደብተር፦ ለኬጂ ወላጆች በሙሉ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ተራ ተራውን ቶሎ ልጨርስ። ጥር 10 የከተራ ዕለት የምንማረው እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው፣ ሰርቪሱም ያኔ ይወጣል፤ ጥር 11 እና 12 ዝግ ነን። በዓሉን ለምታከብሩ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ። ሹራብ ላይ እባካችሁ ስም ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቆርኪው።

ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ በር ላይ መምህራኑን አቁማችሁ፣ ሌሎቻችሁ በቴሌግራም ግሩፑ፣ ጥቂቶቻችሁም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በቮይስ (ሁሉንም ሰምቼዋለሁ፣ እስከ መጨረሻው) የጠየቃችሁን አንድ ጥያቄ ነው። "የልጄ ደብተር ባዶ ነው። ምን ተማርክ ስለው በቆርኪ ተጫወትን ይለኛል። የምንከፍለው ለጨዋታ ነው እንዴ?"

አዎ። ለጨዋታ ነው። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ተቆርጣ ግሩፑ ላይ እንደምትዞር አውቃለሁና እባካችሁ ቀጥላችሁ አንብቡ።

"ከእኛ ብሎክ ያለው ልጅ እስከ መቶ ይቆጥራል" ትሉናላችሁ። ጎበዝ ነው፣ ያሳድገው። ግን እስከ መቶ መቁጠርና ሰባት ስንት እንደሆነ ማወቅ ለየቅል ናቸው። ካላመናችሁ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ሰባት ቆርኪ ልጃችሁ ፊት በትኑና ቁጠር በሉት። ትንንሾቹ ላይ የምናየው ይህንን ነው፤ አፍ ይቀድማል፣ ጣት ወደ ኋላ ይቀራል። አንዱን ቆርኪ ሁለቴ ይነካዋል፣ ሌላውን ይዘለዋል፣ "ዘጠኝ!" ብሎ በኩራት ይጨርሳል። እሺ፣ በትክክል ሰባት ላይ አቆመ እንበል። "ታዲያ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ "ሰባት" አይሏችሁም። እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። መጨረሻ ላይ የጠሩት ቁጥር የጠቅላላው ብዛት መሆኑ ገና አልገባቸውማ። ይህ ነገር አብዛኞቹ ልጆች ላይ ከሦስት ዓመት ተኩል ወዲህ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ ደግሞ በጩኸት አይመጣም። በመንካት፣ በማንሳት፣ አንድ በአንድ በማስቀመጥ ነው የሚመጣው። ቆርኪው ለዚህ ነው።

በቅርቡ ኤልኬጂ፣ መካከለኛው ክፍል ገብቼ ጥግ ላይ ቆምኩ። እቃቃ እየተጫወቱ ነው። አንዲት ልጅ አምስት አሻንጉሊቶች ደርድራ ቡና ልታቀርብላቸው ነው። ረከቦቱ ላይ ያለው ስኒ ግን አራት ነው፣ መምህሯ ሆን ብላ አጉድላዋለች። ልጅቷ ለአንዷ አንድ፣ ለአንዷ አንድ እያለች አስቀመጠችና አምስተኛዋ ጋ ስትደርስ እጇ ባዶ ሆነ። አሻንጉሊቷን አየቻት። ረከቦቱን አየች። እንደገና አሻንጉሊቷን። ከዚያ ተነስታ ወደ ዕቃ መደርደሪያው ሄደችና አንድ ስኒ ብቻ ይዛ መጣች። እፍኝ ሙሉ አይደለም፣ ሁለትም አይደለም። አንድ! ይህ እኮ አምስት ሲቀነስ አራት ነው፣ ያለ ጠመኔ፣ ያለ ሰሌዳ። ደብተሯ ላይ ግን የለም። ስለዚህ ማታ ቤት ስትገባ "ዛሬ ምንም አልተማረችም" ተባለ።

"እኛስ በቃልና በኩርኩም ተምረን ምን ሆንን?" የሚለውም መጥቷል፣ ባይመጣም እንደሚመጣ አውቃለሁ። ምንም አልሆንንም። ግን እስቲ በእውነት እንነጋገር፤ የዘጠኝን ማባዣ በሩጫ የሚያነበንብ ሆኖ ዘጠኝ ጊዜ ስድስት ብቻውን ሲጠየቅ ከዘጠኝ ጊዜ አንድ የሚነሳ ስንት ሰው አለ? "እኔ ሒሳብ አይሆንልኝም" ብሎ ዕድሜውን የጨረሰስ? ልጆቻችሁ ላይ ይህ እንዲደገም የምትፈልጉ አይመስለኝም።

ደግሞ ይህ እኛ ቱሉ ዲምቱ ቁጭ ብለን የፈጠርነው ፋሽን አይደለም። ኬጂ የሚባለውን ነገር የጀመረው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮብል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 አካባቢ ለሕፃናቱ የሰጣቸው ኳስና ከእንጨት የተሠራ ኪዩብ ነበር። ጣሊያናዊቷ ማሪያ ሞንቴሶሪም በ1907 ሮም ውስጥ "የሕፃናት ቤት" ያለችውን ትምህርት ቤቷን ስትከፍት ልጆቹን ሒሳብ ያስጀመረቻቸው በሚጨበጥ ነገር ነው። የእኛው ትምህርት ሚኒስቴርም ለቅድመ አንደኛ ደረጃ የሚለው በጨዋታ አስተምሩ ነው። ስለዚህ "ፈቃድ የሰጣችሁ አካል ያውቃል ወይ?" ብላችሁ የጻፋችሁልን ወላጅ፣ አዎ፣ ያውቃል።

አንድ ልጨምር፣ ይህን በጣም ስለምወደው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ የታወቀበት ሙከራ አለ፤ እኛ በባቄላ እንሠራዋለን። ስድስት ባቄላ በአንድ ረድፍ፣ ስድስት ባቄላ ከሥሩ፣ ትይዩ አድርገን እንደረድራለን። የትኛው ይበዛል? "እኩል ናቸው" ይላል የአራት ዓመቱ ልጅ። ከዚያ እያየ፣ ዓይኑ እያየ፣ የታችኛውን ረድፍ እንዘረጋጋዋለን። አሁንስ? "ይሄኛው ይበዛል!" አንድም ባቄላ አልተጨመረም። ግን ረዝሟል፣ ለእሱ የረዘመው ነው የሚበዛው። አሁን እዚህ ልጅ እጅ ላይ ደብተር ሰጥታችሁ 6 ቁጥርን ሃምሳ ጊዜ ብታስጽፉት የሚለወጥ ነገር አለ? እጁ ይደክመዋል እንጂ ባቄላው ያው ነው። ራሱ እየዘረጋ፣ ራሱ እየሰበሰበ፣ ከጓደኛው ጋር እየተጨቃጨቀ ሲውል ሲከርም ነው የሚገባው።

"ቆርኪ ቆሻሻ ነው፣ ቢውጡትስ?" ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ግሩፑ ላይ ከተነሱት ሁሉ እንደውም ደህናው እሱ ነበር። ቆርኪው በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ ጠርዙ የሾለ ይጣላል። የነርሰሪ ልጆች ቆርኪም ባቄላም አይነኩም፤ ባቄላ አፍንጫ ውስጥ የሚገባው በነሱ ዕድሜ ስለሆነ። ለነሱ የምንሰጠው ትልልቅ ክዳን፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስና የእንጨት ብሎክ ነው። በቀለም ይለያሉ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ያሰልፋሉ፣ ቀይ ሰማያዊ፣ ቀይ ሰማያዊ እያሉ ይደረድራሉና ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታሉ። እሱም ሒሳብ ነው።

"ዋን ቱ ስሪ ለምን አይሉም?" ይላሉ፣ በተራው። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ያስተምሯቸዋል። ግን ልጅ ብዛትን መጀመሪያ የሚጨብጠው በሚያስብበት ቋንቋ ነው። ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚነገር ልጆች ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ብለው ስኒ ሲያድሉ አናርማቸውም። አራት ስኒ በየትኛውም ቋንቋ አራት ነው። በነገራችን ላይ ልጃችሁ "ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ አስር" ቢላችሁ አትሳቁበት፣ አትቆጡትም። በቃሉ ያጠና ልጅ እንዲህ አይሳሳትም፤ የቁጥሩ አካሄድ የገባው ልጅ ነው እንዲህ የሚለው።

አሁን የአንደኛ ክፍል መግቢያ ፈተናው። የሁላችሁም ፍርሃት እሱ መሆኑን አውቃለሁ፣ አልፈርድባችሁም፣ ከዚህ ስንወጣ የት እናስገባለን ብሎ እንቅልፍ የማያጣ ወላጅ የለም። ስለዚህ ግልጽ ላድርገው። ዩኬጂ፣ የመጨረሻው የኬጂ ዓመት ላይ ቁጥር ይጻፋል። በየቀኑ። ደብተርም ይሞላል፣ ያኔ "ምነው በዛ" እንዳትሉን ብቻ። የምንጽፈው ግን የቆጠርነውን ነው፤ መጀመሪያ ቆርኪው፣ ቀጥሎ ነጥቡ፣ ከዚያ ምልክቱ። ግቢው ላይ የሰኞ ማክሰኞ ጨዋታን በጠመኔ እየሠመርን ሳጥኖቹ ውስጥ ከ1 እስከ 10 እንጽፋለን፤ ልጁ 4 ላይ ቆሞ ሁለት ሲዘል 6 ላይ ያርፋል፣ መደመር በእግሩ ገባ ማለት ነው። ገበጣም እንጫወታለን። አያቶቻችሁ ያውቁታል፣ ጠይቋቸው፤ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን አፍሶ በየጉድጓዱ አንድ አንድ መጣል፣ ሲጥሉም የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማሰብ። የአምስት ዓመት ልጅ "እዚህ ጋ ያልቅብኛል" ብሎ እጁን ሲመልስ ብታዩ ስለ ደብተሩ ትረሱት ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አስጠኚ የቀጠራችሁ አላችሁ። ለአራት ዓመት ልጅ! ገንዘቡ የእናንተ ነው፣ አልገባበትም። ግን ልጁ ከሰርቪስ ወርዶ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ መክሰሱን ሳይጨርስ 1 2 3 ይጻፍ ስትሉት በማግስቱ እኛ ጋ የሚመጣው ቁጥር ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ነው። ይልቅ ደረጃውን ስትወጡ አብራችሁ ቁጠሩ፣ ኮንዶሚኒየም ደረጃ አጥቶ አያውቅም። ውኃ የመጣ ዕለት ባልዲውን በጣሳ ይሙላና ስንት ጣሳ እንደያዘ ይንገራችሁ፣ መጀመሪያ ግን ይገምት። የታጠበ ካልሲ ጥንድ ጥንዱን ይፈልግ። ዳቦው እኩል ለሁለት ይቆረስና ትልቁን ማን እንደወሰደ ይከራከር። "ይሄ ስንት ነው? ይሄስ? ይሄስ?" እያላችሁ ግን አትመርምሩት፣ ጣቢያ አይደለም።

አሁንም የማያምን ይኖራል። ለእናንተ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 4፡00 ክፍሎቹ ክፍት ናቸው። ኑና ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ቁጭ በሉ። ስልክ ዝግ ይሁን። ልጃችሁ ሲሳሳት ግን ከኋላ ሆናችሁ መልሱን አትንገሩት፣ ይህን አጥብቄ እለምናለሁ። እስከዚያው መምህራኑን በር ላይ አታቁሟቸው፤ በዚያ ሰዓት እጃቸው ላይ የክፍሉ ልጅ ሁሉ አለ፣ መንገዱም እንደምታውቁት የሲኖትራክ መንገድ ነው። ቅሬታ ያለው ወደ እኔ ይምጣ፣ ከ9፡30 በኋላ ቢሮ አለሁ።

ለገበጣው ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ካርቶን ያስፈልገናል። ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለውን ሁለት ረድፍ ቆርጠን ነው የምንሠራው። ቤት ያላችሁ ንጹሑን እየመረጣችሁ በሰርቪስ ረዳቷ በኩል እስከ ዓርብ ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህርት