ከኪራይ ገጽ ወጣሁ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስ። ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የድሮ ደሴን ፎቶ፣ የአይጠየፍ አዳራሽን፣ የጦሳን ተራራ ጉም ሲውጠው፣ የሰኞ ገበያን ግርግር በአንድ ማኅበራዊ ሚዲያ ስለጥፍ ኖሬ አንድ ቀን ጠዋት ገጼ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ለምን? መልስ የለም፣ አቤት የሚባልበት ደጅም የለም። ፎቶዎቹስ እጄ ላይ አሉ። ያንገበገበኝ ሽማግሌዎች ከሥር የጻፉት ነው፤ «ከዚህ ሱቅ ጎን ሻይ ቤት ነበረች» የሚለው። እሱ ኮፒ የለውም።

አሁን የራሴን ድረ ገጽ ከፍቻለሁ። በየዓመቱ የሚታደስ የዶሜን ስም (የገጹ አድራሻ)፣ ገጹ የሚቀመጥበት ትንሽ የሰርቨር ቦታ፣ ገጽ የሚጻፍበት ተራ ኤችቲኤምኤል ኮድ፣ በቃ። ድረ ገጾች የሚሠሩበትን የድር ቴክኖሎጂ እኮ ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል በ1993 እ.ኤ.አ. ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቆታል። (ክፍያው ግን በዶላር ነው፤ ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ ከፈለልኝ።) ላይክ የለም፣ ጎብኚም ጥቂት ነው። ፎቶውን አሳንሼ ስለምጭን ግን ኔትወርክ ሲያቃስትም ይከፈታል። ባለፈው አንድ አባት ሱቄ ድረስ መጥተው «ይሄ ባለ ባርኔጣው አባቴ ነው» አሉኝ፤ ስሙን እዚያው ከፎቶው ሥር ጻፍኩት።

እናንተም እባካችሁ ጽሑፎቻችሁን በሰው ገጽ ላይ ብቻ አትለጥፉ። የቆዩትን ፈልጌ አጣሁ።

ከደሴ