ዊልቸሩ ደህና ነው፣ የሞተው ባትሪው ነው፤ የድጋፍ ጥሪ ከደሴ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅም ወልዲያም ያላችሁ፣ ባህር ማዶም ያላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምለምናችሁ ለአዲስ ዊልቸር አይደለም፣ ዊልቸሩማ አለ። በእርዳታ የመጣ፣ ዘመድ ከውጭ የላከው፣ ጥሩ ጥሩ ኤሌክትሪክ ዊልቸር አንሶላ ለብሶ ጥግ ቆሟል፣ ሞተሩ ደህና ጎማው ደህና፣ የሞተው ባትሪው ብቻ ነው። ባለቤቱ ደግሞ እቤት ውሏል።

መቼም የደሴን ዳገት አልነግራችሁም። ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ባትሪ እኛ ጋ ሞተሩ ዳገቱን ሲወጣ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ብርዱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አንዲት ልብስ ስፌት የምትሰራ እህታችን ማታ ከሱቅ ስትመለስ ዳገቱ መሀል መንጃው ጆይስቲክ ላይ ያሉት የባትሪ መብራቶች ከአረንጓዴ ቢጫ፣ ከቢጫ ቀይ ሆኑና ቀጥ አለባት። ኤሌክትሪክ ዊልቸር ፓወር ሲያጣ ፍሬኑ ራሱ ነው የሚይዘው፣ ማላቀቂያውን የማያውቅ ሰው ቢገፋው ንቅንቅ አይልም፣ የባጃጅ ልጆች ናቸው ወርደው ተጋግዘው ተሸክመው ቤቷ ያደረሷት፣ ጀሊሉ ይስጣቸው። ከዛ ወዲህ ሱቋ አልተከፈተም። ባትሪዎቹን አውጥተን በመልቲሜትር ስንለካቸው አንዷ 12.7 ቮልት፣ ሌላዋ 10.5። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ውስጥ 2 ቮልት ገደማ የሚይዙ 6 ክፍሎች አሉ፣ ከነሱ አንዷ ሞታለች ማለት ነው። በአንዲት ክፍል የተነሳ ሰው ከስራው ሲቀር ያንገበግባል እኮ!

አብዛኛው ኤሌክትሪክ ዊልቸር በ24 ቮልት ነው የሚሰራው፣ ሁለት ባለ 12 ተያይዘው። ሰው ሲቸግረው የመኪና ባትሪ ይገጥማል፣ አልፈርድበትም ገበያ ላይ ቶሎ የሚገኘው እሱ ነው፣ ግን የመኪና ባትሪ የተሰራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ሞተር ለማስነሳት ስለሆነ በየቀኑ እስከ ታች ሲራገፍ አይቆይም፣ አሲዱ ሊፈስ የሚችል ነገር ሰው ከተቀመጠበት ስር ማድረግም ያስፈራል። የሚያስፈልገው ጄል ወይ ኤጂኤም የሚባለው ድፍን ባትሪ ነው፣ ሁለቱም እኩል አዲስ ሆነው፣ አንዱን ብቻ ከቀየርክ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል።

ሌላው ጣጣ መብራት ነው። ባትሪ ሙሉ ለመሆን እንደ ቻርጀሩ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይሞላና መጨረሻዋ ቀስ እያለች ነው የምትገባው፣ ሌሊት መብራት ሲሄድ ሁሌ የምትቀረው እቺው መጨረሻዋ ናት። እንዲህ ሳይሞላ በከረመ ቁጥር ውስጥ ያለው እርሳስ ላይ ሰልፌት ይጋገርና ባትሪው ቻርጅ አልቀበል ይላል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ባዶውን የከረመ ባትሪም እንዲሁ ነው የቀረው።

ስለዚህ ያሰብነው የጋራ ባትሪ ክፍል ነው። ቅሬያችን፣ እድራችን ማለት ነው፣ ድንኳኑና ድስቱ ከሚቀመጥበት አጠገብ ያለችውን ክፍል በነፃ ሰጥቶናል፣ መግቢያዋን ለዊልቸር እንዲመች አድርጎ የሚሰራ ግንበኛም ቃል ገብቶልናል። የጎደለን ስታቢላይዘር፣ ትክክለኛ ቻርጀሮች፣ ባትሪ መፈተሻ፣ መብራት ሲሄድ የሚተካ ሶላር ከነኢንቨርተሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጠባባቂ ባትሪዎች። ባትሪው የደከመበት ሰው ይመጣል፣ መምጣት ካልቻለ በባጃጅ እናመጣለታለን፣ ተጠባባቂው ተገጥሞለት ይሄዳል፣ የሱ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ፣ ጫፎቹ ተጠርገውና ጠብቀው፣ ተለክቶ ይመለስለታል። የሞቱትን ለሚገዙ ሸጠን ብሩን ወደ ሳጥኑ እንመልሳለን፣ እርሳስና አሲድ ቦርከና ዳር የሚጣል ነገር አይደለም።

ብር ያለው ብር፣ 50 ብርም ብትሆን አትናቋት፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚያዋጣ ቢገኝ ደግሞ ለኔ ከሁሉ ይበልጣል ምክንያቱም ባትሪ በየአንድ ሁለት ሶስት ዓመቱ የሚቀየር ነገር ነው አንዴ ተገዝቶ አያበቃም። ሒሳቡ በቅሬው ስም ነው፣ ሶስት ሰው ካልፈረመ አይወጣም፣ ቁጥሩን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ፣ ፕሮፎርማውና ደረሰኙ ለሁሉም ይታያል። ኤሌክትሪክ የምትችሉ ልጆች ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ጉልበታችሁን አዋጡን። አቅም የሌላችሁም አብሽሩ፣ በዱአም በፀሎትም አትርሱን፣ ጎረቤታችሁ እንዲህ የቆመ ዊልቸር ካለ ጠቁሙን።

ውጭ ያላችሁ፣ ባትሪ በሻንጣ አትላኩ፣ ክብደቱም የአየር መንገዱም ህግ ያስቸግራችኋል፣ ቻርጀር ነው የሚጠቅመን። ግን አሜሪካ ከሚሸጠው ውስጥ 110 ቮልት ብቻ የሚቀበል አለ፣ እሱ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሁፍ አንብቡ፣ መግቢያው ከ100 እስከ 240፣ መውጫው 24 ቮልት፣ ለጄል ወይ ለኤጂኤም የሚል ይሁን፤ ካልገባችሁ ፎቶውን ላኩልኝና አይቼ እነግራችኋለሁ።